ኮምፒውተሬ ለሳይንስ በነጻ ይሠራል፤ የመብራቱን ሂሳብ ከግብር ማስቀነስ ይቻላል?

የአምስት ኪሎው
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ጎበዝ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል። እኔ ግን ከምሬ ነው።

ቤቴ አንድ ዴስክቶፕ አለ። ድሮ ጌም የምጫወትበት ነው። አሁን ቀንም ሌትም ቦይንክ ይሠራበታል። ለማታውቁት፣ ቦይንክ በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ነው። ትጭኑታላችሁ፣ አንድ የምርምር ፕሮጀክት ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ከተመራማሪዎቹ ሰርቨር ቁራሽ ቁራሽ ስሌት እያመጣ ይሠራል፣ ውጤቱን መልሶ ይልካል። አምስት ሳንቲም አይከፈላችሁም።

እኔ ያለሁት አይንስታይን አት ሆም ላይ ነው። ከራዲዮ ቴሌስኮፕ ዳታ ውስጥ ፐልሳር ይፈልጋል፤ ነዳጃቸውን ጨርሰው በፍጥነት የሚሽከረከሩ የኮከብ ቅሪቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነውን አንዱን ያገኙት አሜሪካ አዮዋ እና ጀርመን ማይንስ ያሉ ተራ ሰዎች ኮምፒውተሮች ናቸው። እኔም አንድ ቀን ከአምስት ኪሎ አንዱን አገኛለሁ ብዬ እየጠበቅሁ ነው። ሳቁ።

ችግሩ መብራት ነው። የምኖረው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። አራት ተከራይ ነን፣ ቆጣሪው አንድ፣ ስሙም የአከራያችን ሟች ባል። ሂሳቡ ሲመጣ እትዬ ለአራት ያካፍሉታል። ሰሞኑን ታሪፉም በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ባለፈው ወር ጠርተውኝ «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ምን ትጠብስበታለህ?» አሉኝ። ኮከብ እፈልጋለሁ ማለት ከበደኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ አለፍኩ።

በቀደም ታዲያ የውጭ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ፣ አሜሪካኖቹ የዚህን የመብራት ወጪ እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ ከግብር እናስቀንሰው ወይስ አናስቀንሰው እያሉ ይከራከራሉ። ደሞዜ ላይ በየወሩ የሚቆረጠው ትዝ አለኝና ልቤ ተነሳ። እኛስ ጋ?

ቀጭን ሻይ
ሰኞ፣ ማታ 2፡58

የሚቆረጠውን ሊያስመልስ የተነሳ ጀግና። እኔ ደሞዜ ሲደርሰኝ ከነሙሉ ስሜ መድረሱ ራሱ ይገርመኛል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ
ሰኞ፣ ማታ 3፡25

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ደሞዝ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ከዚያው ልጀምርልህ።

ተቀጣሪ ከሆንክ መልሱ አይቻልም ነው። መብራቱ ለሳይንስ ሆነ ለጌም ለውጥ የለውም። የገቢ ግብር አዋጁ፣ 979/2008 ማለት ነው፣ ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል። ደሞዝ ሠንጠረዥ «ሀ» ነው። እዚያ ተቀጣሪው ደሞዙን ለማግኘት ያወጣው ወጪ እንኳ አይቀነስለትም። ታክሲህ፣ ሱፍህ፣ ምሳህ፣ አንዱም። የበጎ ፈቃድ መብራት ደግሞ ከዚያም ይርቃል።

ሰው ብዙ ጊዜ የማይገነዘበው አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ሠራተኛው ራሱ በዓመት አንዴ ቅጽ ሞልቶ ያሳውቃል። ስለዚህ «ይሄን ሰጥቻለሁ» ብሎ የሚጽፍበት መስመር አለው። እኛ ጋ አሠሪህ ከደሞዝህ ላይ ቆርጦ በስምህ ገቢ ያደርጋል፣ በዚያው ያልቃል። አንተ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ፊት ለፊት አትገናኝም። ወጪህን የምትጽፍበት ወረቀቱ ራሱ የለም። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ፣ 1395/2017፣ ከግብር ነጻ የሆነውን ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ይሄ ለሁላችንም ጠቅሟል። የሠንጠረዥ «ሀ»ን አሠራር ግን አልቀየረውም።

ይቻል ነበር ብንል እንኳ ስንት ታተርፍ ነበር? ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ነው፣ ከ14,000 ብር በላይ ላለው። የኮምፒውተርህ ድርሻ በወር 500 ብር ይሁን እንበል። 175 ብር ነው። ለእሱ ብለህ ከእትዬ ጋር አትጣላ።

የአምስት ኪሎው
ሰኞ፣ ማታ 3፡41

እሺ፣ ገባኝ። ግን ንግድ ፈቃድ ቢኖረኝስ? ማታ ማታ ዌብሳይት እሠራለሁ። ፈቃድ ላወጣ እያሰብኩ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ
ሰኞ፣ ማታ 4፡10

ያኔ ሠንጠረዥ «ሐ» ውስጥ ትገባለህ፣ ነገሩም ይለያል። እዚያ ገቢውን ለማግኘት፣ ለማስጠበቅና ለማስቀጠል የግድ ያወጣኸው ወጪ ይቀነሳል። ዌብሳይቱን የሠራህበት ሰዓት መብራት ሊካተት ይችላል። የግል ወጪ ግን አይቀነስም። ስለዚህ የቤቱንና የሥራውን መለየት አለብህ፣ የለየኸውንም በማስረጃ ማሳየት። የመብራት ሂሳቡ በሟቹ ስም ነው አልክ አይደል? እዚያ ላይ ጨዋታው ያበቃል። ኦዲተር «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ሲልህ ምን ትላለህ? ቢያንስ መብራቱን ተከራይ ይከፍላል የሚል የኪራይ ውልና እትዬ የፈረሙበት የክፍያ ወረቀት ያስፈልግሃል።

የፐልሳሩ ሰዓት ግን ከዌብሳይቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ለድርጅትህ ገቢ አያመጣም። ስለዚህ በወጪ በኩል አይገባም። የሚቀረው የስጦታ በር ነው። አዋጁ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢህ ከ10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ። የሚሰጠው ግን ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር ነው፤ ወይ ደግሞ መንግሥት ለአደጋ፣ ለወረርሽኝና ለመሳሰለው ጥሪ ሲያደርግ። በርክሌይ ከእነዚህ ውስጥ የለም። አይንስታይን አት ሆምን ከሚያስተዳድሩት አንዱ የሆነው የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲም የለም።

ካቻቪቴ
ሰኞ፣ ማታ 4፡32

እኔ ኮምፒውተር ጥገና አለኝ። ፈቃድም አለኝ። የቁርጥ ግብር ከፋይ ነኝ። ቁርጥ ማለት ቁርጥ ነው፤ የሚሰላው በሽያጭህ ላይ ነው፣ ወጪህን የሚጠይቅህ የለም። ስለዚህ ልጄ፣ ፈቃድ አወጣሁ ብለህ ወዲያው ተቀናሽ በተቀናሽ እሆናለሁ ብለህ አትጠብቅ። መጀመሪያ መዝገብ የሚይዝ ደረጃ ላይ መድረስ አለብህ።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሽንህ ስንት ዋት እንደሚበላ ለክተኸዋል? ወይስ በግምት ነው?

የአምስት ኪሎው
ሰኞ፣ ማታ 4፡36

ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ይላል።

ካቻቪቴ
ሰኞ፣ ማታ 4፡55

ኧረ በሕግ! ያ መስጠት የሚችለው ጣሪያው ነው፣ የሚበላው አይደለም። ግማሹ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ፈልግ። ካጣህ ቆጣሪህን ተጠቀም። ዲጂታል ቆጣሪ ከሆነ ፊቱ ላይ የምትንቦገቦግ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1600 ኢምፐልስ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚል ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፏል። 1600 ከሆነ፣ መብራቷ 1600 ጊዜ ስትበራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አለቀ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ ታስነቅላለህ፣ ፍሪጅም ሳይቀር። የአንተን ብቻ ትተህ በሰዓት ትቆጥራለህ። በደቂቃ 4 ጊዜ ከበራች በሰዓት 240 ናት። 240ን ለ1600 ስታካፍለው 0.15፣ ማለትም 150 ዋት።

ሁለቴ ቁጠር። አንዴ ቦይንክ ቆሞ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ በርቶ፣ አንዴ ቦይንክ እየሠራ። ኮምፒውተሩን ለራስህ ጉዳይ በምታበራበት ሰዓት የቦይንኩ ድርሻ የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው። ለቦይንክ ብለህ ብቻ ያበራኸው ሌሊት ደግሞ ሙሉው የእሱ ነው።

አሁን 150 ዋት ቀኑን ሙሉ ከሠራ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 108። ታሪፋችን እርከን እንዳለው አትርሳ፤ ፍጆታው ሲያድግ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ያድጋል። ለአራት የተካፈለ አንድ ቆጣሪ ደግሞ እርከኑን ቶሎ ይወጣዋል። እትዬ የተቆጡት ለዚህ ነው የሚመስለኝ።

ሜሪላንድ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡15

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ዘግይቼ ነው ያየሁት። እዚህ በየዓመቱ የሰው ታክስ ስለምሞላ የአሜሪካኑን ክፍል ለእኔ ተዉት።

መጀመሪያ ነገር፣ እዚህም ጊዜህና ጉልበትህ አይቀነስም። ኮምፒውተሬን አዋስኩ ብለህ የኪራይ ዋጋ ማስላትም አይቻልም። የሚቀነሰው ከኪስህ የወጣ ገንዘብ ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ በቁጥር 526 መመሪያው ያስቀመጠው መለኪያ አለ፦ ማንም ያልተካልህ፣ ከሰጠኸው አገልግሎት ጋር በቀጥታ የተያያዘ፣ አገልግሎቱን ባትሰጥ ኖሮ የማታወጣው፣ የግል ወይም የኑሮ ወጪ ያልሆነ። ካቻቪቴ ያልከው የልዩነት ስሌት እዚህም ቁልፉ እሱ ነው። መቼም የምታበራውን ኮምፒውተር ሙሉ ሂሳብ ይዘህ ብትመጣ እኔ ራሴ አልሞላልህም።

ሁለተኛ፣ እዚህም «ለማን ሰጠህ?» ይባላል። ተቀባዩ ብቁ የሆነ የአሜሪካ ድርጅት መሆን አለበት። አይንስታይን አት ሆም ግማሹ ዊስኮንሲን ሚልዋኪ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ግማሹ ጀርመን ያለው የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም። ሌሎቹም የቦይንክ ፕሮጀክቶች እንዲሁ ናቸው፦ የአየር ንብረት የሚያሰላው የእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድን አይቢኤም ነበር የሚያስተዳድረው፤ አሁን ቶሮንቶ ላለ የምርምር ተቋም ሰጥቶታል። ሒሳብ ሠራተኛዋ የጻፈችውን ሳነብ የገረመኝ ይሄው ነው። ሁለቱም ሕግ ሳይንሱን አይመረምርም። የተቀባዩን ፓስፖርት ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 100 ዋት ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 876 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ17 ሳንቲም ብናሰላው 149 ዶላር ገደማ። 22 በመቶ የሚከፍል ሰው ከዚህ የሚያተርፈው 33 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እሱንም የሚያገኘው ስጦታውን ዘርዝሮ የሚያስቀንስ ከሆነ ብቻ ነበር። ብዙው ሰው ደግሞ አይዘረዝርም። ሁሉም ሰው ያለጥያቄ የሚያገኘው መደበኛ ተቀናሽ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለላጤ 14,600 ዶላር ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ዝርዝር ከሌለህ መዘርዘሩ ኪሳራ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሲከራከሩ ያየሃቸው ሰዎች የሚከራከሩት ለሁለት ፒዛ ነው።

ቀጭን ሻይ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡20

እኔ ደግሞ አሜሪካ ሁሉ ነገር ይመለሳል ሲሉ ሰምቼ ዲቪ ሞልቼ ነበር።

ካፌ 92
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡05

ይሄን ሳነብ ድሮ ትዝ አለኝ። በ92 ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ነበረኝ። አምስት ኮምፒውተር፣ ዳያል አፕ። ሴቲ አት ሆም የወጣው በ91 ግንቦት ነው። ከሌላ ዓለም ፍጡራን የሚመጣ የራዲዮ ምልክት የሚፈልገው ማለቴ ነው። አንድ ከውጭ የመጣ ደንበኛ በፍሎፒ አምጥቶ ጫነልኝ። ስክሪን ሴቨር ነበር፤ ደንበኛ ሲነሳ በቀለም ያሸበረቀ ግራፍ እየሠራ ይሞላል። ሰው ከመንገድ ላይ እሱን ለማየት ይገባ ነበር። አንዱ ቁራሽ ዳታ 350 ኪሎባይት ገደማ ነው። በዚያ መስመር እሱን ማውረድ ራሱ ሽማግሌ ያደርግሃል። ስለዚህ ማታ ካፌው ሲዘጋ አወርደዋለሁ፣ ለቀናት ያመነዥከዋል።

የዚያን ጊዜ ግብር ገማቾች ሲመጡ አምስቱም ኮምፒውተር ቦግ ብሎ ግራፍ ይሠራል። ሰው ግን የለም። «ሥራ ሞቅ ብሏል» ብለው ጻፉ። ኧረ ሰው የለም ብላቸው፣ «ታዲያ ማነው የሚሠራበት?» አሉኝ። የሌላ ዓለም ፍጡር እየፈለገ ነው ልበል? እና ወዳጄ፣ አንተ ልታስቀንስ ትሞክራለህ፣ እኔ አስጨምሬበታለሁ።

ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሥራ ማከፋፈሉን አቆመ። ምልክት አልተገኘም። የእኔም ካፌ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው የተዘጋው።

ጥያቄ አለኝ
ማክሰኞ፣ ቀን 9፡30

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሀገራችን ውስጥ ቢትኮይን የሚቆፍሩ ድርጅቶች አሉ። መብራቱን በገፍ ነው የሚጠቀሙት። እነሱ የመብራቱን ወጪ ይጽፋሉ አይደል? ታዲያ በሽታ ለመመርመር ኮምፒውተሩን የሰጠ ሰው የማይጽፈው ለምንድን ነው? ፎልዲንግ አት ሆምን እኮ በኮቪድ ጊዜ እኔም ጭኜ ነበር። የፕሮቲን አጣጣፍ ነው የሚሠራው። ያኔ ስንት ሰው ገብቶ ከዓለም ትልልቅ ሱፐር ኮምፒውተሮች በልጦ ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

ይጽፋሉ፣ ምክንያቱም ይሸጣሉ። ገቢው ግብር ይከፈልበታል፣ ገቢውን ያመጣው ወጪ ይቀነሳል። የአንተ ኮምፒውተር ገቢ የለውም። ገቢ ከሌለ ከምን ላይ ይቀነሳል? ለመልካም ሥራ ስለሆነ ይገባኛል የሚለው ስሜት ይገባኛል። እኔም ለዕድራችን ድንኳን ስገዛ ተሰምቶኛል። ግን የግብር ቅጽ ላይ የሚሞላው የገንዘቡ መንገድ ነው፤ የልብህ ጥሩነት የሚሞላበት ሳጥን የለውም።

ከልብ የሚፈልግ ካለ አንድ መንገድ ይታየኛል፣ ለነጋዴዎች ብቻ። እዚሁ የተመዘገበ ማኅበር ካለ፣ ኮምፒውተሮቹም መብራቱም የማኅበሩ ከሆኑ፣ እናንተ ጥሬ ገንዘብ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ። ያኔ ስጦታው ገንዘብ ነው፣ ተቀባዩም ኢትዮጵያዊ። ኮከብ ፍለጋው የማኅበሩ ጉዳይ ነው። ለአንድ ዴስክቶፕ ማኅበር ማቋቋም ግን አንድ ዶሮ ለማረድ ቄራ መከራየት ነው።

አከራይ ነኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልናገር። ቀበና ግቢ አከራያለሁ። እናንተ የተማራችሁ ልጆች ሂሳቡን ለአሜሪካ ግብር ታሰላላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለችው ተከራይ የእናንተን መብራት እየከፈለች እንደሆነ አታዩም። ለአራት ሲካፈል የኮከቡን ሦስት አራተኛ የሚከፍሉት ሌሎቹ ናቸው። አንዷ ልብስ ሰፊ ብትሆን? በጎ ፈቃደኛው ማነው ታዲያ? እኔ ግቢ ለየክፍሉ ከውስጥ ትንሽ ቆጣሪ አስገጥሜ ተገላገልኩ።

የአምስት ኪሎው
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡12

ይቺ ነገር ወጋችኝ። እውነት ነው። አላሰብኩትም።

ካቻቪቴ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

እስክትለካ ድረስ ቦይንክ ላይ ገብተህ ከሲፒዩው ግማሹን ብቻ እንዲጠቀም አድርገው። ሰዓትም መወሰን ይቻላል፣ ከሌሊቱ 5 እስከ ንጋት 12 ብቻ ብለህ። መብራት ሲሄድ ደግሞ አትደንግጥ። ስሌቱን በየመሃሉ ያስቀምጣል፣ ሲመለስ ካቆመበት አካባቢ ይቀጥላል። ስታቢላይዘር ግን አይቅርብህ።

የአምስት ኪሎው
እሑድ፣ ቀን 8፡50

ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለካሁ። እትዬ ቀርተው ነበርና ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፣ ኮከቡንም ጭምር። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዚያ በርጩማ አምጥተው ቆጣሪው ሥር ተቀመጡና አብረው መቁጠር ጀመሩ።

ቦይንክ ሳይሠራ በ5 ደቂቃ 8 ጊዜ፣ 60 ዋት። ሲሠራ በ5 ደቂቃ 20 ጊዜ፣ 150 ዋት። ካቻቪቴ በግምት ያልከው ቁጥር ላይ ነው ያረፈው። ከአሁን ወዲያ 108ቱን ኪሎዋት ሰዓት ከጠቅላላው ላይ አንስተን እኔ ለብቻዬ እከፍላለሁ፣ የቀረው ለአራት ይካፈላል ብለን ተስማማን። ያለፈውንም ለልብስ ሰፊዋ እመልሳለሁ። አዎ፣ አከራይ ነኝ፣ በትክክል ልብስ ሰፊ ናት።

ከዚያ እትዬ «እስቲ ምጣዱን እንየው» አሉ። ሰካነው። መብራቷን መቁጠር አልቻልንም። ዝም ብላ ትርገበገባለች። ካቻቪቴ፣ በደቂቃ ከ90 በላይ ሳትሆን አትቀርም።

ካቻቪቴ
እሑድ፣ ቀን 9፡05

93 ከሆነች 3.5 ኪሎዋት ነው፣ ጤነኛ ምጣድ ነው። ኮምፒውተርህ ቀኑን ሙሉ ቀጥቅጦ የሚበላውን ምጣዱ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። በሳምንት ስንቴ ነው የሚጋግሩት?

የአምስት ኪሎው
እሑድ፣ ቀን 9፡11

በየቀኑ።

ቀጭን ሻይ
እሑድ፣ ቀን 9፡14

የእንጀራስ መብራት ከግብር ይቀነሳል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ
እሑድ፣ ቀን 9፡40

ለቤት ከሆነ የግል ወጪ ነው፣ አይቀነስም። ለሽያጭ ከሆነና መዝገብ ከያዙ ግን አዎ፣ ይቀነሳል። በየቀኑ ማለትህ ይሸጣሉ እንዴ? ንግድ ፈቃድ አላቸው?

የአምስት ኪሎው
እሑድ፣ ቀን 9፡43

አድሚን፣ እባካችሁ ይቺን ክር ዝጉልኝ።